እንግዳ እስኪሟላ ድረስ፦ የትኛው ፍራፍሬ ከየትኛው አይብ?

አናናሱን የከተፍኩት ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነው። እንግዶች የተጠሩት ለ8 ሰዓት ነበር። አይቡን በጎድጓዳ ሳህን አደረግኩ፣ አናናሱን ጨመርኩበት፣ ማር ጠብ አድርጌ አማሰልኩትና ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። ቀድሜ በመጨረሴ ራሴን በጣም አደነቅኩ። የመጀመሪያው እንግዳ 9 ተኩል ላይ ብቅ አለ። ሰው ሲሟላ 10 ሆነ። ሳህኑን ሳወጣው አይቡ ውሃ ላይ ተንሳፍፏል። አክስቴ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ጨዋ ስለሆነች ፊቷን አልቋጠረችም። "የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር እሬት እሬት ይላል" አለችኝ ቀስ ብላ። ቀመስኩት። እውነቷን ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ጥሬ አናናስ ብሮሜሌን የሚባል ኢንዛይም አለው። ሥራው ፕሮቲን መቆራረጥ ነው። አይብ ደግሞ ውሃውን ብትቀንሱለት አብዛኛው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ሲቆራረጥ የያዘውን ውሃ ይለቃል፣ ቁርጥራጮቹም ይመርራሉ። ኪዊም እንደዚሁ ያደርጋል። ፓፓያም ተመሳሳይ ኢንዛይም አለው። ሲበስል ግን ጉልበቱ ስለሚቀንስ ለአጭር ጊዜ ብዙ አያስቸግርም።

ከዚያን ቀን ወዲህ "ምን ከምን ይጣፍጣል?" ከማለቴ በፊት "ተከትፎ ስንት ሰዓት ይቆያል?" እላለሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ በተባለው ሰዓት አይመጣም። ስለሱ ማማረር ትቻለሁ። ሳህኑን ማስተካከል ይቀላል። ከታች ያሉትን ሁሉ የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ

ግብዣው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ወይም ሁዳዴ ከገባ፣ የአይብ ነገር ለብዙ እንግዳ አበቃ ማለት ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ 15። "የማይጾም ይበላዋል" ብሎ አይብ ብቻ ማቅረብ የሚጾመውን ሰው ውሃ ይዞ እንዲቀመጥ መፍረድ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ሁለት ሳህን አዘጋጃለሁ፤ ቢላውንና ማንኪያውንም እለያለሁ። የጾሙ ሳህን ላይ አቮካዶ በሎሚና በቁንጥር ሚጥሚጣ፣ ሙዝ በለውዝ ቅቤ፣ ከጎኑ ብርቱካን ካለ ማንም ቅር አይለውም። ቶፉ የሚገኝበት አገር ያላችሁ ደግሞ ፈርፍራችሁ በሎሚና በጨው ብታሹት አይብ መሰል ነገር ይወጣዋል። መሰል ነው እንግዲህ።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ግን ሌላ ነው። ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ማንጎ በየጋሪው የሚከመረውም በዚያው ሰሞን፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። አይብና ማንጎን ያገናኘልኝ ወቅቱ ራሱ ነው ብል አልዋሸሁም።

አይብ ወይስ ፎርማጆ?

ዋናው ምርጫ እዚህ ላይ ነው። ፍራፍሬው ኋላ ይመጣል።

አይብ የሚወጣው ቅቤው ተንጦ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው አሬራ ነው። አሬራው በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ስቡ ቅቤ ሆኖ ስለሄደ አይቡ ላይ የሚቀረው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ወደ 80 በመቶው ውሃ ነው። ጨው የለውም፤ ኮምጠጥ ይላል። ስለዚህ ፍራፍሬውን አይጫነውም። ማንጎው ማንጎ፣ ማሩም ማር ሆኖ ይሰማል። ችግሩ ቅርጽ የለውም። በስቴኪኒ አይወጋም፣ ይፈረፈራል፣ እጅ ላይ ያንጠባጥባል። ቆሞ ለሚበላ እንግዳ አይሆንም።

ፎርማጆ የምንለው (ፕሮቮሎኔውም፣ ጎዳውም፣ ቸዳሩም) ሌላ ዓለም ነው። ስብም ጨውም አለው። ጨው የፍራፍሬውን ጣፋጭነት ያጎላዋል። ስቡ ደግሞ ምላስ ላይ ይለጠፋል፤ እንደ ወይን፣ አፕልና ብርቱካን ያለ ኮምጠጥ የሚል ነገር ሲመጣ ነው የሚጸዳው። ይቆረጣል፣ ይወጋል፣ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ ላብ ላብ ይለዋል እንጂ ብዙ አይጎዳም። ከውጭ የመጣውን ዋጋ ጠይቃችሁ ከደነገጣችሁ እዚሁ የሚሠራው ፕሮቮሎኔ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በብር ወረቀት የምትጠቀለለዋ ሦስት ማዕዘን ቺዝም አትናቅ። ትቀባለች፣ ልጆች ይወዷታል። በስቴኪኒ ለመውጋት ግን ለስላሳ ናት።

አይብ ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከገበያ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የጭስ ሽታ አለው። ወተቱ የተናጠበት ዕቃ በወይራ ስለሚታጠን ነው። ለክትፎ ግሩም ነው። ለማንጎም፣ ለማርም ይሄዳል። ስትሮበሪ ላይ ግን አይመከርም፤ አንዴ ሞክሬ ስትሮበሪው ከማድቤት የወጣ መሰለኝ። ከሱቅ የሚገዛው አይብ ጭስ የለውም፣ ለቀይ ፍራፍሬ የሚሻለው እሱ ነው። ሁለቱም ግን ከመቅረባቸው በፊት መጠለል አለባቸው። በንጹሕ ሻሽ ቋጥራችሁ ቧንቧ ላይ ለአንድ ሰዓት አንጠልጥሉት። ከስር የሚወርደውን አጓት ስታዩ "ይሄ ሁሉ ሳህኔ ላይ ሊወርድ ነበር?" ትላላችሁ።

የምታምኑት አይብ ካጣችሁ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። 2 ሊትር ወተት አፍሉ፤ እሳቱን አጥፍታችሁ 4 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ ሲለያይ በሻሽ አጥልሉት። 300 ግራም ገደማ ይወጣዋል። ቅቤው ስላልወጣ ከእውነተኛው አይብ ይልቅ ይለሰልሳል፣ ያጠግባል። እናቶቻችን አይብ ነው ብለው አይቀበሉትም፤ ለፍራፍሬ ግን እንዲያውም ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ በተርሚልክ ገዝታችሁ በለስላሳ እሳት ሳታማስሉ ብታሞቁት ለአገር ቤቱ ይቀርባል። ጊዜ የሌለው ኮቴጅ ቺዝ በደንብ አጥልሎ ይጠቀም። ጨው እንዳለው ግን አትርሱ።

ፍርዴን ልንገራችሁ። ተቀምጦ የሚበላ ከ10 ያልበለጠ ሰው ከሆነ አይብ። ልደት፣ ምርቃት፣ ሰው እየቆመ የሚጫወትበት ከሆነ ፎርማጆ። ሁለቱን አንድ ሳህን ላይ አታቅርቡ። አይቡ ፎርማጆውን ያረጥበዋል፣ የፎርማጆው ጨው ደግሞ አይቡን ባዶ ያስመስለዋል።

ጥንዶቹ በቆይታቸው ሲመዘኑ

በጣም የሚቆየው ቴምር ነው። ለዘገየ እንግዳ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ትልልቁን ቴምር በጎኑ ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡ፣ በክሬም ቺዝ ወይም በደንብ በተጠለለ አይብ ሙሉት፣ ከላይ የተቆላ ለውዝ ሰክታችሁ ዝጉት። ቴምር ውሃው ጥቂት ስለሆነ አይቡን አያርሰውም። ጠዋት ሠርታችሁ ፍሪጅ ብታስገቡት ማታም ያው ነው። ዓረብ አገር ያላችሁ ለማፍጠሪያ ቴምር ከቤት ስለማይጠፋ ይሄ ከሁሉም ይቀላችኋል። ጉድለቱ ጣፋጭነቱ ነው። አንድ ሰው ከሁለት በላይ አይበላም፣ ሦስተኛውን ከበላ ደግሞ ምሳ አይበላም።

ቀጥሎ ፎርማጆ ከዘይቱን (ጉዋቫ) ማርማላታ ጋር። ብራዚሎች የዘይቱን ማርማላታን እንደ ሳሙና እስኪጠጥር አብስለው ከአይብ ጋር ይበሉታል። ዘይቱን እኛም አገር ሞልቷል፤ ወቅቱ ሲመጣ ተራርቆ የሚሸጥ ነገር አይደለም። 1 ኪሎ ዘይቱን ልጣችሁ በትንሽ ውሃ 20 ደቂቃ ቀቅሉት፣ ፍሬው እንዲቀር በወንፊት አጥልሉት፣ 600 ግራም ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ የድስቱ ታች እስኪታይ አማስሉ። እዚህ ላይ መታገስ ነው፤ ሲፈነዳ እጅ ያቃጥላል፣ ረጅም ማማሰያ ያዙ። ዘይቱን ፔክቲን ስለሚበዛበት ራሱን ችሎ ይረጋል። በስስ ከተጠበሰ ዳቦ ላይ ፕሮቮሎኔ፣ ከፕሮቮሎኔው ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማርማላታ። ማርማላታው ከሳምንት በፊት ሊሠራ ይችላል። በዕለቱ የሚቀረው መደርደር ብቻ ነው። አክስቴ የአናናሱን ነገር ይቅር ያለችኝ በዚህ ነው።

በስቴኪኒ የሚወጋው ፎርማጆና ወይን መካከለኛ ነው። አንድ ቁራጭ ፎርማጆ፣ አንድ ፍሬ ወይን፣ አለቀ። ወይኑ ሳይቆረጥ ከቀረ ውሃ ስለማያወጣ 2 ሰዓት ይቆያል። ሁሉም ሰው የሚያቀርበው ስለሆነ ማንም "ዋው" አይልም። ግን ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። አናናስ የግድ ካላችሁ ክቡን በደረቅ መጥበሻ ላይ በሁለቱም በኩል ቡናማ እስኪል ጠብሱት። ሙቀቱ ውስጡ ዘልቆ 70 ዲግሪ ሲያልፍ ኢንዛይሙ አቅሙን ያጣል፣ ስኳሩም ይቃጠልና እንደ ካራሜል ይሸታል። የቆርቆሮ አናናስ ሲታሸግ ስለሚፈላ ከመጀመሪያውም ችግር የለበትም።

አፕል ከቸዳር ጋር የኔ ምርጫ ነው፤ የጨንቻ አፕል ካገኛችሁ በተለይ። ኮምጠጥ ይላል፣ ይንኮሻኮሻል፣ ቸዳሩን ያነቃዋል። የሚያስቸግረው መጥቆሩ ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጨምቃችሁ የተቆረጠውን አፕል 5 ደቂቃ ንከሩትና በጨርቅ አድርቁት። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነጭ ሆኖ ይቆያል። ማድረቁን ከዘለላችሁት ፎርማጆው ይንሸራተታል። ፒር ካገኛችሁ ደግሞ በአፕሉ ቦታ ይግባ። ጣልያኖች "ፎርማጆ ከፒር ጋር እንዴት እንደሚጣፍጥ ለገበሬው አትንገረው" የሚል ተረት አላቸው። ተንኮላቸው ቢያስቅም ስለ ጣዕሙ ልክ ናቸው።

አይብ ከማንጎ ጋር ጣዕሙ ከሁሉም ይበልጣል፣ ትዕግሥቱ ግን 40 ደቂቃ ናት። እንዲህ አድርጌ ነው የማቀርበው። የቡና ሲኒዎቼን አወርዳለሁ። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማንጎ፣ ከላዩ ሁለት የሻይ ማንኪያ የተጠለለ አይብ፣ ከዚያ እንደገና ትንሽ ማንጎ። ከላይ ማር በጣም በስሱ፣ በማሩ ላይ ሚጥሚጣ። ሚጥሚጣዋ በሁለት ጣት ጫፍ የምትያዝ ያህል ብቻ ናት፤ ዓይን ካላያት አፍ ያገኛታል። መጀመሪያ ጣፋጩ፣ ከዚያ ኮምጣጣው፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ጋ ሞቅ የሚል ነገር። ማንጎው መብሰል አለበት፣ መላላት ግን የለበትም። በጣት ስትጫኑት ጎድጎድ ብሎ የሚመለስ ይሁን። የላላ ማንጎ ወዲያው አይቡ ውስጥ ይቀልጥና የሕፃን ምግብ ይመስላል። እንግዳው ደጃፍ ላይ ጫማውን ሲያራግፍ ሲሰማችሁ ደርድሩ፤ ማንጎውና አይቡ እስከዚያ ለየብቻ ፍሪጅ ውስጥ ይቆዩ። ፓፓያም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፤ እሱ ላይ ግን ከማሩ ይልቅ ሎሚ ይበዛበት።

ሐብሐብ ፌታ ከሚባለው ጨዋማ አይብ ጋር ትንሹን ዕድሜ የያዘ ነው። 20 ደቂቃ። ጨው ከሐብሐቡ ውሃ ይስባል፤ ሳህኑ ኩሬ ይሆናል። ግን በሙቀት ቀን እንደሱ የሚያረካ የለም። እስራኤል ያላችሁ ሐብሐብ ከቡልጋሪያ አይብ ጋር የበጋ ነገር መሆኑን ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ፌታ ካጣችሁ አይብ ጨው ጨምራችሁበት አንድ ሌሊት ሻሽ ውስጥ አንጠልጥሉት። ፌታ አይሆንም፣ ቦታውን ግን ይሸፍናል። ናና ቀንጥሳችሁ ጣል አድርጉበት። ሐብሐቡ ቀድሞ ይቆረጥ፣ ይቀዝቅዝ፤ አይቡ የሚነሰነሰው ሳህኑ ከማድቤት ሲወጣ ነው።

ሙዝ ከአይብ ጋር አልወድም። ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፣ ጥርስ ሥራ ያጣል። የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ጸብ የለኝም።

ማን ነው የሚመጣው?

ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች ካልፈላ ወተት የመጣ አይብ አታቅርቡላት። አሬራው የሚሞቅበት እሳት ለስላሳ ስለሆነ ጀርሙን ሁሉ ይገድላል ማለት አይቻልም። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታም ሊስቴሪያ የሚባለው ጀርምም በዚህ መንገድ ይመጣሉ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ወተት አፍልቶ በሎሚ የሚሠራው እዚህ ላይ ያድናችኋል፤ እሱም ግን በዕለቱ ተሠርቶ በዕለቱ ይበላ። ጠንካራ ፎርማጆም ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት የተሠራ ከሆነ አያሳስብም።

ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ካለ ወደ ቆየ ፎርማጆ ምሩት። ሲቆይ የወተቱ ስኳር አብዛኛው ስለሚጠፋ ብዙዎች ይችሉታል። ከውጭ የመጣ ፎርማጆ ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ሬኔት ሊሠራ ስለሚችል፣ ይሄን የሚጠይቅ ሙስሊም ወይም ሥጋ የማይበላ እንግዳ ካለ ማሸጊያውን አንብቡ። አይብ የሚረጋው በራሱ ኮምጣጣነት ስለሆነ ይሄ ጣጣ የለበትም። ሥጋና ወተት የማይቀላቅል ቤተ እስራኤል ዘመድ ከጠራችሁ ደግሞ ዋናው ምግብ ሥጋ ከሆነ የአይቡን ነገር ተዉት፤ ፍራፍሬው ብቻውን ይውጣ።

ለትንንሽ ልጆች ወይን ድፍኑን አይሰጥም፤ ያንቃል። ቁመቱን ይዛችሁ ለአራት ሰንጥቁት። ስቴኪኒ ከእጃቸው ይራቅ።

ሽማግሌዎች ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ጋሼ ስቴኪኒ ሲያዩ ጥርሳቸውን ለመጎርጎር ነው የሚያነሱት። ለሳቸው ነገሩን በትንሽ ሳህን፣ በሹካ አድርጋችሁ እጃቸው ላይ ስጡ። ለሰው ሁሉ ከተዘረጋ ትሪ ራሳቸው አንስተው አይበሉም፤ "ጠግቤያለሁ" ብለው ይቀራሉ።

ስንት ይበቃል? መቼ ይጀመራል?

ሰው ከመጠን በላይ የሚያዘጋጀው እዚህ ላይ ነው። ይሄ አፍ ማሟሻ ነው፤ ዶሮ ወጡ ገና አለ። በሁሉም በኩል 2 ሴንቲሜትር ሆኖ የተቆረጠ ፎርማጆ ወደ 8 ግራም ይመዝናል። ለአንድ ሰው 4 ቁራጭ ብታስቡ ለ10 ሰው 320 ግራም ነው። አንድ የ400 ግራም ፎርማጆ ገዝታችሁ ቢላው ላይ ለሚቀረውና ለናንተ መቅመሻ ይተርፋል። አይብ ከሆነ ግማሽ ኪሎ ሳይጠለል፣ ከ2 ትልልቅ ማንጎ ጋር።

ጠዋት ቴምሩን ሙሉ፣ አይቡን አንጠልጥሉ። እንግዳ ከተጠራበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ፎርማጆውን ከፍሪጅ አውጡ፤ ቀዝቅዞ ሲበላ ሻማ ሻማ ይላል። አይብ ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። የተጠራው ሰዓት ሲደርስ ቴምሩ ብቻ ይውጣ። ሦስት ሰው ሲሞላ ስቴኪኒው ይከተል። ሲኒዎቹ የሚደረደሩት ሁሉም ሲሟላ ነው። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ አይብ ወደ ፍሪጅ አይመለስም፣ ቢያሳዝንም ይደፋል።

ባዶዎቹን ሲኒዎች ደግሞ ወዲያው እጠቡ፤ ምሳው ካለቀ በኋላ ቡናው ሲወርድ ትፈልጓቸዋላችሁ።